ብሩክ ብዬ ያስቀበርኩት ሙባረክ

ይህን ነገር ከነሙሉነቱ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ንስሐ አባቴ በየዓመቱ «ሌላስ፣ ልጄ?» ይሉኛል፤ እኔም «ሌላ የለም፣ አባ» ብዬ እነሣለሁ። ለአክስቴ ቀንሼ ነግሬያለሁ። ለሟቹ አባት ደግሞ ከሁሉ የሚከፋውን አስቀርቼ ነግሬያለሁ። ለእናንተ ሳላስቀር ልናገር። እኔ የሰው ስም ወሰድኩ። በሕይወቱ ሳለ ወሰድኩበት፤ ሲሞትም አልመለስኩለትም።

ቢቸና ላይ ጸጉር ቤት አለኝ። ቤቱ የአክስቴ የእትዬ አስካለ ነው። እሳቸው ከኋላ ይኖራሉ፣ እኔ መንገድ ዳር ባለችው ክፍል እሠራለሁ። ያኔ ሥራው ገና መያዙ ነበር፤ ቅዳሜና የበዓል ዋዜማ ሲደርስ ብቻዬን አልችለውም። አንድ ቀን ከሞጣ የመጣ ወጣት ሥራ ፈልጎ ገባ። ቀጭን ነው፣ ዝምተኛ ነው። ለሙከራ አንድ አስቸጋሪ ደንበኛ ሰጠሁት። ሰውዬው ተስተካክሎ ሲጨርስ መስታወት ውስጥ ራሱን አገላብጦ አየና «ከእንግዲህ ለዚህ ልጅ ነው የምቀመጠው» አለኝ።

ስሙን ስጠይቀው «ሙባረክ እንድሪስ» አለ።

ስሙ ከበደኝ። ለምን ከበደኝ? እትዬ አስካለ ከቅዳሴ የማይቀሩ ሴት ናቸው፤ ሙስሊም ግቢያቸው ሲያድር ምን ይላሉ ብዬ ነው። ከገጠር ለበዓል የሚመጣው ደንበኛ ቅር ይለው ይሆን ብዬ ነው። ማን እንዲህ አለኝ? ማንም። ጠያቂውም መላሹም እኔ ነበርኩ።

«ሙባረክ ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩት።

«በዐረብኛ የተባረከ ማለት ነው። አባቴ ነው ያወጣልኝ። ከእኔ በፊት የተወለዱት ሁሉ በጨቅላነታቸው ሞተውበት፣ እኔ ስተርፍለት እንዲህ አለኝ።»

እኔ በልጅነቴ ቅኔ ቤት ገብቼ ሳልጨርስ የወጣሁ ሰው ነኝ። የግእዝ ግስ ግን ትንሽ አውቃለሁ። ቁጭ አድርጌ አስተማርኩት። በግእዝም «ባረከ» ይባላል፣ ቡሩክ የሚወጣው ከዚያ ነው፣ በረከትም ቡራኬም ከዚያው ነው፤ ዐረብኛና ግእዝ የአንድ እናት ልጆች ናቸው አልኩት። «ብሩክ ብትባል ስምህ አይቀየርም፣ ቋንቋው ነው የሚቀየረው» አልኩት። ያልኩት ሁሉ እውነት ነው። እውነቱን ግን ምን ላደርግበት ነው ያወጣሁት? ያን ትምህርት ከተውኩ ወዲህ ለቁም ነገር የተጠቀምኩበት ያን ቀን ብቻ ነው፤ አንድን ሰው ስሙን ለማስጣል።

ወለሉ ላይ የወደቀውን ጸጉር በእግሩ ሰበሰበ። «ሰው ሲጠራኝ እኔን መሆኑን ባላውቅስ?» አለኝ።

«ትለምደዋለህ» አልኩት።

ቶሎ አልለመደውም። ብሩክ ሲሉት ስለማይዞር፣ ደንበኞቹ ጆሮው ይከብደዋል ብለው ጮክ እያሉ ያናግሩት ነበር። ማተቡንም ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ጥቁር ክር ገዝቼ፣ «አንገትህ ባዶ ሲሆን ሰው ያያል» አልኩት። ደንበኛ ለምላጭ አገጩን ቀና እንደሚያደርግ ቀና አደረገልኝ። ሞጣ ሲሄድ ይፈታውና መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ሲመለስ መልሶ ያስራል። እትዬ አስካለ በበዓል ሥጋ ሲያቀርቡለት «ጨጓራዬን ያመኛል» ይላል፤ እሳቸውም አዝነው ለብቻው ሽሮ ይሠሩለታል። ከኋላ ባለችው ክፍል በሩን ዘግቶ ሲሰግድ፣ እኔ ከፊት ሆኜ ሬዲዮኑን ከፍ አደርጋለሁ። ይህንን እንደ ውለታ ቆጥሬው ነበር። ወድጄው ነበር ብላችሁስ ታምኑኛላችሁ? በአንድ ገበታ በላን፣ ሲስቅም ሲከፋውም አየሁት። እንደ ታናሽ ወንድሜ ወደድኩት፤ ስሙን ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠራሁትም።

ከዓመት በላይ አብረን እንደሠራን ታመመ። ራሱን አመመው፣ አንገቱ አልታጠፍ አለ፣ ትኩሳቱ ነደደ። በጠዋት ሐኪም ቤት አደረስኩት። ካርድ ሲያወጡ «ብሩክ» አልኳቸው። ከሰዓት በኋላ ሞተ።

አስከሬኑን ቤት ስናደርስ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ዕድርተኛው ድንኳን ይዞ መጣ። እትዬ አስካለ ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሱለት ነበር። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ «ይህ ልጅ ሙስሊም ነው፣ አባቱ ሞጣ አለ» ለማለት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ የማተቡ ክር ታየኝ። የሰው ልጅ አንገት ላይ የሌላ ሃይማኖት ክር በእጄ አስሬ እንዴት ብዬ ልናገር? ቢታወቅ ገደለው የሚለኝስ ቢመጣ? እንዲህ እያልኩ ሳለሁ ቄሱ ወደ እኔ መጡ።

«ዘመዱ አንተ ነህ አሉ። የክርስትና ስሙ ማን ነው? ለፍትሐቱ» አሉኝ።

አላውቅም ማለት እችል ነበር። «ገብረ ሚካኤል» አልኩ።

«ንስሐ አባቱስ?»

«ሞጣ ናቸው።»

አመኑኝ፤ ለምን አያምኑኝም? በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተቀበረ። ቄሱ «ገብረ ሚካኤል» እያሉ ፈቱለት። እዚያ ቆሜ ስሙን በሰማሁ ቁጥር ማን ነው ይህ ሰው እል ነበር። አባቱ እኔ ጋ በቀረው የልጁ ስልክ ላይ ከአንዴም ሁለቴ ደወሉ፤ ስልኩን አጠፋሁት።

ክረምቱ ሳይገባ አባቱ ራሳቸው መጡ። ሞጣ ገበያ ልብስ የሚሰፉ፣ ጋሽ እንድሪስ የሚባሉ ሰው ናቸው። ከተማውን ሙሉ ሙባረክ የሚባል ጸጉር አስተካካይ ሲጠይቁ ውለው፣ ማንም አላውቅም ብሏቸው፣ በመጨረሻ እኔ ጋ ደረሱ። ሰው እየላጨሁ ነበር። ገና በር ላይ ሲቆሙ ግንባራቸውን አውቄ ምላጩን አስቀመጥኩ፤ ደንበኛው እንዳይሰማ ወደ ውጭ ወሰድኳቸው።

«ያረጋል አንተ ነህ? አብሮህ እንደሚሠራ ነግሮኝ ነበር። ስልኩ እምቢ ብሎኝ ነው» አሉ።

«ሄደ፣ ጋሼ» አልኳቸው። «በመተማ አድርጌ ሱዳን እገባለሁ ብሎ ሄደ። እንደሚነግርዎ ነበር የመሰለኝ።»

ፊታቸው ላይ የነበረው ፍርሃት ለቀቅ አለ። ይህን አልረሳውም። የሄደ ሰው ይመለሳልና ደስ አላቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «እንጀራ ሰጥተህ አኑረኸዋል፣ አላህ ይባርክህ» ብለው መረቁኝ። በልጃቸው ስም መረቁኝ፤ እኔም «አሜን» አልኩ። የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ከቆምንበት ይታያል።

ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ይደውሉ ነበር። «ወሬ ሰማህ ወይ?» ይሉኛል። «አልሰማሁም» እላለሁ። ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ስልክ ቁጥሬን ቀየርኩ። አንድ አባት ልጁን የሚጠይቅበትን አንድ በር ዘጋሁበት ማለት ነው፤ ሌላ ምን ስም ልስጠው?

ዘንድሮ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሊስተካከል ሆነና፣ የድሮ መቃብር ያለው ዘመዱን ያንሣ ተባለ። ባለቤት ያልተገኘለት በአንድ ጉድጓድ ይጠቃለላል። እትዬ አስካለ አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ቢሆንም ያን ልጅ አልረሱትም። «ያረጋል፣ የብሩክን ነገር ምን አሰብክ? ሞጣ ሰው የለውም?» አሉኝ። እግራቸው ሥር ተቀምጬ ነገርኳቸው።

እስክጨርስ አዳመጡኝ። ከዚያ «እኔ ሙስሊም አታስገባብኝ ብዬህ አውቃለሁ?» አሉ።

«አላሉም።»

«ጠይቀኸኝስ ታውቃለህ?»

«አልጠየቅኩም።»

«ብትነግረኝ ለበዓሉ ከሙስሊም ሥጋ ቤት አስመጣለት አልነበር? ያን ሁሉ በዓል ሽሮ አበላሁት» ብለው አለቀሱ። ያን ሁሉ ዘመን የተሸሸግኩባት ምክንያት በዚያች ደቂቃ ከእጄ ወጣች።

ሞጣ ሄድኩ። ገበያው ውስጥ «የሙባረክ አባት» ብዬ ብጠይቅ «የትኛው ሙባረክ?» አሉኝ። ባለ ጨርቁ አለ፣ ሹፌሩ አለ፣ በቅርቡ የተወለደም አለ። ለሙስሊሙ ምርቃት ነው፣ ለክርስቲያኑም አፍ አይከብድም፤ ስለዚህ በየቤቱ አለ። «የጠፋው» ስል ወዲያው አሳዩኝ።

ጋሽ እንድሪስ ስፌት መኪናቸው ላይ ነበሩ። አወቁኝ። ልጃቸው መጣ ብዬ የምነግራቸው መስሏቸው ተነሡ። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፍቶብኝ «ሞቷል፣ ጋሼ። ያኔም ሞቶ ነበር» አልኩ። ከዚያ ማተቡን፣ ስሙን፣ ፍትሐቱን ተናገርኩ። ይመቱኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። መኪናው ላይ የቀረውን ጨርቅ እያጣጠፉ አዳመጡኝ።

«በማን ስም ነው የጸለያችሁለት?» አሉ።

«ገብረ ሚካኤል።»

«ገብረ ሚካኤል» አሉ፣ የማያውቁትን ሰው ስም እንደሚይዝ ሰው ቀስ ብለው። ከዚያ ጨርቁን አስቀምጠው፣ «በየኢዱ ሰው ሁሉ ኢድ ሙባረክ ይለኛል። እኔ በተባለ ቁጥር ወደ በሩ አያለሁ» አሉ።

በሳምንቱ ከወንድማቸው ልጆች ጋር ነጭ ጨርቅ ይዘው መጡ። የደብሩ አስተዳዳሪ ነገሩን ሰምተው እኔን ለረጅም ጊዜ ካዩኝ በኋላ «አባቱ መጥቶ ከጠየቀ ማን ይከለክለዋል» ብለው ፈቀዱ። አፅሙን ያወጡት የወንድማቸው ልጆች ናቸው፤ እኔን አላስነኩኝም። ሞጣ ላይ በሙስሊሞች መካነ መቃብር አሳረፉት። እኔም ሄጄ ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ።

ሲያበቃ ጋሽ እንድሪስ ወደ ቆምኩበት መጡ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እውነቱን ንገረኝ» አሉ። «ሲታመም ጠርቶኝ ነበር?»

«ራሱን ስቶ ነበር፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ምንም አላወቀም።»

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ።

ከእናንተም ቅድም ባነበባችሁት ላይ አንድ ነገር አስቀርቻለሁ። ሙባረክ ራሱን አልሳተም ነበር። ያን ቀን ጠዋት ሐኪም ቤት አልጋው ላይ ሆኖ እጄን ይዞ «አባቴን ጥራልኝ» አለኝ። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። አባቱ ቢመጣ ሙባረክ ብሎ ይጠራዋል፣ ሰው ሁሉ ይሰማል ብዬ «ሲሻልህ አንተው ትደውላለህ» አልኩት። ደግሞ ለመነኝ። ደግሞ እምቢ አልኩ። ሞጣ ሩቅ አይደለም፤ በሕይወት ሳለ ይደርሱበት ነበር።

ለሽማግሌው የዋሸሁት ለእሳቸው አዝኜ ነው የሚለኝ ይኖር ይሆናል። እኔም ለራሴ እንዲህ ልለው ሞክሬ ነበር። ግን ያን ጊዜ እሳቸውን አላሰብኩም፤ ፈራሁ እንጂ። አሁንም በሕይወት አሉ፣ ሞጣ ገበያ ልብስ ይሰፋሉ፤ መንገዱንም ቤቱንም አውቃለሁ፤ አልሄድኩም። ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም።