የተተፋው ቡና

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ፣ ከአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የቀዬአችን ስም የተጻፈበት የቡና ከረጢት አየሁ። «ከአንድ ቦታ ብቻ የተለቀመ» ይላል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተጠራጠርኩ። ጠርጣራነት ከአባቴ የወረስኩት ነው። ቢሆንም ገዛሁት።

ቀዬአችን ከጉንደ ወይን ወደ ቆላው ሲወረድ፣ ምንጭ ዳር ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ኅዳር ላይ፣ መንገዱ እንደ ደረቀ፣ አንድ ቡና ገዢ መጣ። «ቀዩን ብቻ ልቀሙ፤ ከሌላ አገር ቡና ጋር አትቀላቅሉት። በቀዬአችሁ ስም ይሸጥላችኋል» አለ። በረዶ ጤፉን የመታበት ዓመት ነበርና ጎረቤቶቻችን ተስፋ አደረጉ። አባቴ ግን «ስማችንን ምን ሊያደርግበት ነው?» እያሉ ሦስት ቀን አጉረመረሙ።

ሰውየው ሊቀምስ ቤታችን በመጣ ዕለት አባቴ ፈተና አዘጋጁለት። ከሦስቱ ሲኒ አንዱን ከቁይ ገበያ በመጣ ቡና እንድሞላው በጆሮዬ አዘዙኝ። እንግዳው ከየሲኒው በማንኪያ ፉት እያለ ጣሳ ውስጥ ተፋው፤ የቡና ቀማሾች ወግ መሆኑን ያኔ አላወቅንም። እኛ ዘንድ ጠላ ቀጂ እንኳ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ሳትቀምስ ለእንግዳ አትሰጥም፤ የቀረበለትን የሚተፋ ሰው መርዝ የጠረጠረ ነው። የአባቴ ፊት ጠቆረ።

ሰውየው ሦስተኛውን ሲኒ ገፋ አደረገና «አባቴ፣ ይሄ የእርስዎ ጓሮ ቡና አይደለም» አለ።

«ማን ነገረህ?»

«ምላሴ ነዋ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። ያፈላሁት እኔ፣ ምስጢሩን የማውቀው እኔ፣ ዕድሜዬም አሥራ ዘጠኝ። ሰውየውም መልከ መልካም ነበር፤ አልዋሽም።

«የዚች ዓይን ነው የነገረህ!» ብለው አስወጡት።

የጎረቤቶቻችን ቡና በቀዬአችን ስም ተሸጠ፤ በዚያም ልጆቻቸውን አስተማሩ። የእኛ ከማንም ቡና ጋር ተደባልቆ ገበያ ወጣ። እኔን ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ከዚያ ወዲህ አባቴ የቤት ጉዳይ እያወሩ እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። ብምል ብገዘት አላመኑኝም።

ትናንት ከረጢቱን ይዤ ወደ አባቴ ወረድኩ። ሸምግለዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። አፈላሁና «የቀዬአችን ቡና ነው» ብዬ ሰጠኋቸው። ፉት አሉና አፋቸው ውስጥ አቆዩት። ከዚያ መሬት ላይ ተፉት።

«ይሄ የእኛ አይደለም።»

«ማን ነገረዎት፣ አባባ?»

ሲኒውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺማ አልነገርሽኝም» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ለእሱም አልነገርሽውም ነበር ለካ።»

እንባዬ መጣ። ይቅርታ አላሉኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። የጓሯችንን ቡና ቆልቼ ሳፈላላቸው ግን ሳይተፉ ጠጡ። ነገ ማርቆስ እወጣለሁ። ያ ከረጢት ውለታ ውሎልኛል፤ ቢሆንም በስማችን የማንን ቡና እንደሚሸጡ ሳልጠይቅ አልመለስም።