ሰፊ ስኪ ለመሞከር ከዞሰንሃይም እስከ ቲሮል

ሐሙስ፣ መነሻ

ጠዋት ከሰፈራችን ከዞሰንሃይም ስንነሳ ዝናቡ ያካፋ ነበር። ባለቤቴ ጌታቸው ሁለት ጥንድ ስኪ፣ የበረዶ መንሸራተቻችንን፣ ተሸክሞ ከፊት፣ እኔ ስንቁን ይዤ ከኋላ። ከሆኽስት በከተማው ባቡር፣ በኤስባን፣ ዋናው ጣቢያ ሃውፕትባንሆፍ ደረስን፤ ከዚያ በፈጣኑ ባቡር ወደ ሙኒክ፣ ከሙኒክ ወደ ቲሮል ተራሮች። የጉዞውን ዓላማ አልደብቅም፤ ለእኔ የመጨረሻ ሙከራ ነው። በረዶው በተደለደለበት መንገድ ላይ እንደምንም እንሸራተታለሁ። አዲስ በረዶ ከወረደ ግን በአፍጢሜ ነው የምደፋው። "ዘንድሮም ካቃተኝ በቃኝ፤ ከእንግዲህ ብቻህን ትሄዳለህ" ብዬዋለሁ። እሱ ይስቃል፤ እኔ ግን የምሬን ነው። ልጆቹ ከቤት ከወጡ ወዲህ አብረን የምናደርገው ነገር ይኸው ብቻ ነው የቀረን።

ባቡሩ ላይ ቆሎ እየቆረጠምን ሳለ ጌታቸው ትምህርቱን ጀመረ። "ጉልበትሽን እጠፊ፣ አትፍሪ፣ ፍጥነት ጨምሪ..."

"ጌቾ፣ በእናትህ፣ ባቡሩ ላይ እንኳ አሳርፈኝ!"

ዓርብ፣ ተራራው ላይ

ሌሊቱን ሲጥል ያደረው በረዶ አጥሩን ውጦታል። ስዘግነው በጣቶቼ መሃል ፈሰሰ። ጀርመኖቹ እንዲህ ያለውን ፑልፈር ይሉታል፤ ዱቄት ማለት ነው። እኛ ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ከፍሪጅ የሚወጣውንም፣ መንገድ ላይ አንሸራቶ የሚሰብረንንም በረዶ ብለን ተገላግለናል።

የስኪ ማከራያዋ ሴትዮ፣ ጌታቸው ከፍሎማርክት፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ የገዛልኝን ጠባብ ስኪ አየት አድርጋ "ይሄ ለጠጣር በረዶ ነው፤ ዛሬ ትሰምጫለሽ" አለችኝ። ሰፊ ስኪ አወጣችልኝ። ወገቡ፣ መሃል ወርዱ ማለት ነው፣ የእኔን ስኪ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ ጫፉም ከሩቅ ጀምሮ ሽቅብ ቀና ያለ ነው።

ጌታቸው ሳቁን ለቀቀው። "ይሄ ስኪ ነው መቅዘፊያ?"

"አንተም ተከራይ።"

"በረዶ በረዶ ነው፣ ስኪም ስኪ ነው። ሰፊው የሰነፍ ነው፤ እኔ በላቤ የተማርኩ ሰው ነኝ!"

ለአንድ ቀን ሃምሳ ዩሮ! ዓይኔን ጨፍኜ ከፈልኩ።

በገመድ በሚጎተተው ሊፍት ተራራውን ወጥተን፣ ካልተደለደለው ግን ከተፈቀደው ተዳፋት አፋፍ ላይ ቆምኩ። እመቤቴ ማርያም ብዬ ለቀቅኩት። ጫፉ ሰምጦ እስኪደፋኝ ጠበቅኩ። አልሰመጠም! ሰፊው ወገብ ተሸከመኝ፣ ቀና ያለው ጫፍ ከበረዶው በላይ ተንሳፈፈ። ቀስ ብዬ መሄድ ቻልኩ። በጠባቡ ላለመስመጥ መፍጠን ግድ ነው፤ ለመፍጠን አለመፍራት፣ ላለመፍራት ደግሞ አስቀድሞ መቻል። ይህን ሁሉ ዓመት እዚያው ስሽከረከር ኖሬያለሁ።

ዞር ስል ጌታቸው የለም። ለካ ከላይ፣ እስከ ወገቡ ተቀብሮ፣ የወለቀ ስኪውን በእጁ እየፈለገ ነው።

"ጉልበትህን እጠፍ! አትፍራ!" አልኩት። ማን ይምረዋል?

"ዝም በይ፣ አንቺ ሴትዮ!" አለና ራሱም ሳቀ።

ማታ ስኪውን ስመልስ ሴትየዋ "ተጠንቀቂ፤ ሰፊው ችሎታሽ ከማይደርስበት ቦታ ያደርስሻል" አለችኝ።

ቅዳሜ፣ እንደገና በጠባቡ

በረዶው ሲነጋ ጠጥሮ ስለነበር የራሴን ስኪ አደረግኩና በተደለደለው መንገድ ወረድኩ። ጉድ ነው! እግሬ አልተገተረም፣ መታጠፊያው ላይ አልተንቀጠቀጥኩም። ትናንት ቀስ እያልኩ ስወርድ ክብደቴን የት እንደምጥል ሰውነቴ ለምዶታል። ጌታቸው በቃሉ ሲነግረኝ የኖረውን ነው ሰፊው ስኪ ባንድ ቀን ያስጨበጠኝ። የፈራ እግር ምን ሊማር!

እሁድ፣ ቤት

ከባቡር ወርደን ቤት ስንገባ መሽቷል። ጌታቸው ጃኬቱን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

"ስትወድቂ ሁልጊዜ የማየው አንቺን ነበር" አለኝ። "ጉልበትሽን፣ እጅሽን፣ ፍርሃትሽን። አንድ ቀን እንኳ እግርሽ ስር ያለውን አላየሁም።"

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሰው ሲያቅተው ከመምከር በፊት የያዘውን ዕቃ ማየት እንደሚገባ ከዚህ ጉዞ ተምሬያለሁ። ከዚያ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት ፈሪ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር። ፈሪ አልነበርኩም።

"ለከርሞ" አልኩት፣ "የቲሮሉን ክፍል ለሁለት ሰው ያዝ።"