የረጠበው ፎርማ

እርሳስ የማቀልጠው ከልደታ ኮንዶሚኒየም ጀርባ፣ አጥሩ ጥግ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ነው። ግንበኞች ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያዩበትን ቱንቢ እሠራለሁ፤ ከሲባጎ ጫፍ የሚንጠለጠለውን፣ ታቹ ሾል ያለውን የእርሳስ ፍሬ ማለቴ ነው። አሮጌ እርሳስ ከጎሚስታ ቤት አመጣለሁ። ፎርማዬ፣ ማለትም እርሳሱ የሚፈስበት ብረት፣ እንደ መጽሐፍ ለሁለት ይከፈታል። ሙያውን ያሳየኝ ሰውዬ በእንዲህ ያለ ፎርማ ድሮ ለአዳኞች ጥይት ያፈስ ነበር። አሠራሩ አንድ ነው፤ ፍሬው ነው የሚለያየው።

ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። የሙቀት መለኪያ የለኝም፣ ቢሰጡኝም ቁጥሩን አላምነውም። እኔ የማውቀው እንዲህ ነው። ፎርማውን በላምባና ባረጀ የጥርስ ብሩሽ አሸዋለሁ፣ በጨርቅ አደርቀዋለሁ። ከዚያ ጧፍ ለኩሼ ውስጡን በጭሱ አጠቁረዋለሁ፤ ጥላሸት የያዘ ፎርማ ፍሬውን ቶሎ ይለቃል። ቀጥሎ ፈርኔሎው ጠርዝ ላይ አስቀምጬ አሞቀዋለሁ። መሞቁን ለማወቅ አንዱን ጥጉን የቀለጠው እርሳስ ውስጥ ነከር አደርጋለሁ። እርሳሱ ከተለጠፈበት ገና ነው፤ ሳይለጠፍ ከወረደ ደርሷል።

ካፈሰስኩ በኋላ ደግሞ አባታችን ሆይ እላለሁ። አናቱ ላይ ያለው እርሳስ ማብረቅረቁን ትቶ የሚደበዝዘው «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ስደርስ ከሆነ ሙቀቱ ልክ ነው፤ እዚያው አቁሜ ፎርማውን እከፍታለሁ። «መንግሥትህ ትምጣ» ላይ ከደበዘዘ ፎርማው ቀዝቅዟል፣ ፍሬው እንደ እኔ ፊት ተጨማድዶ ይወጣል። እስከ አሜን ድረስ ካልደበዘዘ ግሏልና አሳርፈዋለሁ። ድፍረት እንዳይሆንብኝ ብዬ ለነፍስ አባቴ ነግሬያቸው ነበር። ሳቁብኝ።

ባለፈው በጋ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ፎርማውን አጥቁሬ ፈርኔሎው አጠገብ ትቼ፣ በሩን ሳልቆልፍ ከሰል ልገዛ ወጣሁ። ተመልሼ እሳቱን አነቃቅቼ፣ እርሳሱ ሲቀልጥ እንደልማዴ ጥጉን ነከርኩ። እርሳሱ የሚቀልጥበት ድስት ጧ አለ። እርሳሱ ተረጨ፣ አንዷ ፍንጣሪ የመነጽሬን የግራ መስታወት መታችና እዚያው ተጣበቀች። የቀኝ ዓይኔን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። የቀረችኝ የግራዋ ብቻ ናት።

ፎርማውን አገላብጬ አየሁት። ጥላሸቱ ላይ ውኃ የወረደበት መስመር አለ፤ ሦስት መስመር። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ቆርቆሮው አያፈስም። ሰው ነው ያረጠበው።

የግቢውን ጥበቃ ጠራሁት።

«እዚህ የገባ ሰው አይተሃል ልጄ?»

«አላየሁም አባባ። ግን ያቺ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ስለ እርስዎ ጠይቃኛለች። ጥይት ነው የሚሠሩት ወይስ ሌላ? አለችኝ።»

«ሌላው ምንድን ነው?»

«እኔ እንጃ። ሌላ ነው ያለችው።»

እሱንም ቢሆን አላመንኩትም። ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ ያለው እሱ ነው። ሴትየዋን ግን አውቃታለሁ፤ በረንዳዋ ላይ ልብስ ስታሰጣ አንዱን ነጠላ ሦስት ጊዜ እያራገፈች ወደ እኔ ታያለች። ከዚህች ጥግ ሊያስነቅሉኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ዓይኔን አጥፍተው ሊያስነቅሉኝ።

በማግስቱ ፎርማውን እንደዚያው አጥቁሬ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ቆምኩ። ኋላም ብሎኬት ላይ ተቀመጥኩ። ብዙ አልቆየችም። ነጠላዋን መስቀልያ ለብሳ፣ ትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ መጣች። በሩን ገፋ አድርጋ በስመ አብ እያለች ሦስት ጊዜ ረጨች።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኳት።

አልደነገጠችም። «ጠበል ነው፤ የልደታ ጠበል። እርስዎስ ምን እያደረጉ ነው? ሁልጊዜ ከበረንዳዬ በበሩ አይዎታለሁ። ጧፍ ያበራሉ፣ ብረት ያጥናሉ፣ ከንፈርዎ ይንቀሳቀሳል። ማን ላይ ነው የሚደግሙት?»

ሌላ ያለችው ይሄንን ኖሯል። በድግምት ጠርጥራኛለች።

«አባታችን ሆይን ነው የምደግመው» አልኩ።

«እሱን ግማሽ ላይ ማን ያቆማል? ከንፈርዎ ቀጥ ይላል፣ ብረቱን ይከፍታሉ፣ እንደገና ከመጀመሪያው። እስከ አሜን የማያደርሰው ሌላ ነገር ያለበት ሰው ነው።»

መነጽሬን አውልቄ ሰጠኋት። የተጣበቀችውን እርሳስ በጥፍሯ ነካች፣ ከዚያ ሞራ የጋረደውን ዓይኔን አየች፣ ከዚያ ጤነኛውን።

«ጠበሉ ነው እንዲህ ያደረገው?»

«ውኃ ከቀለጠ እርሳስ ጋር አይስማማም። እኔ ላይ ይርጩት፣ ግዴለም። ብረቱን ይተዉልኝ።»

ጠርሙሱን ከደነችና «እስኪ ያፍስሱ፣ ልይ» አለች።

ፎርማውን በጨርቅ ጠረግኩ፣ እንደገና አጠቆርኩ፣ አሞቅኩ። ጥጉን ነከርኩ፣ እርሳሱ ሳይለጠፍ ወረደ። አፈሰስኩና አባታችን ሆይ ልል ስል እሷ ቀደመችኝ፤ በግዕዝ፣ እንደ ቅዳሴ እየጎተተች። «ይትቀደስ ስምከ» ላይ ስትደርስ እርሳሱ ደብዝዟል። ልከፍት እጄን ስሰድ በዓይኗ ገሠጸችኝ። እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ያንን ሁሉ ቆይቶ ፎርማው ቀዘቀዘ፣ ቀጣዩ ፍሬ ተጨማድዶ ወጣ።

«አዩ፣ ያበላሸው የእርስዎ ጸሎት ነው» አልኳት።

«ያበላሸውስ የእርስዎ ችኮላ ነው» አለች፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

አሁን «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ፎርማውን እከፍትና የቀረውን ጸሎት ፍሬውን በፒንሳ እያወጣሁ እጨርሳለሁ። አሜኑን ጮክ አደርገዋለሁ፣ በረንዳው ድረስ እንዲሰማ። እሷም ሰምታ ቤቷ ትገባለች። አንዳንድ ቀን ግን አትገባም፣ ነጠላዋን ስታራግፍ ትቆያለች። እኔም ከመንከሬ በፊት የፎርማውን ጥግ በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ፣ ደግሜ እጠርጋለሁ።