በቻፕል የተጠራው ስም

ልጅ እያለሁ ዓርብን እፈራ ነበር። የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ በገባ ሰሞን ናይሮቢ የተማርኩበት የአንግሊካን ትምህርት ቤት በየዓርቡ ጠዋት ሁላችንንም ቻፕል፣ የትምህርት ቤቱ ጸሎት ቤት፣ ያስገባን ነበር። ሁላችንንም ስል የፓርክላንድስ ሰፈር ሂንዱዎችን፣ ሶማሌዎቹን፣ ሱዳኖቹን፣ እኔን ኦርቶዶክሷን ሐበሻ ጭምር ነው። የወለሉ ሰም ሽታ፣ በሐምሌ ካፊያ ከረጠበው ሹራባችን ሽታ ጋር ተደባልቆ ዛሬም ድንገት ሲመጣብኝ ጀርባዬን ይበርደኛል።

የቻፕሉ ቄስ፣ ሬቨረንዱ፣ ስም ይጠሩ ነበር። ሰው የታመመበት ወይም የሞተበት ተማሪ፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን፣ የዘመዱን ስም ቀደም ብሎ ይነግራቸዋል። መጀመሪያ የታመሙት ይጠራሉ፤ በየስሙ ጮክ ብለን «ጌታ ሆይ ማር» እንላለን። ቀጥሎ ሙታን። ያኔ ማንም አይመልስም። ከእያንዳንዱ ስም በኋላ ትንሽ ደወል ይመታና ድምፁ እስኪጠፋ ዝም ይባላል። ከጎኔ የምትቀመጠው ሂንዱዋ ጓደኛዬ ኒሻ፣ «ደወሉ ሲመታ ትንፋሽሽን ያዢ፤ ካልያዝሽ ይገባብሻል» ብላኝ ነበር። ምን እንደሚገባብኝ አልነገረችኝም። እኔም ሳልጠይቅ እይዝ ነበር።

እኔ የማስጠራው ፀዱዬን ነው። ፀዳለ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ አዲስ አበባ ታማ ተኝታለች። እማዬ ነፍሰ ጡር ስለነበረች ሄዳ ልታያት አልቻለችም። ፀዱዬ ድምጿን በካሴት ቀድታ ልካልን፣ እማዬ ኪሌሌሽዋ ሰፈር በነበረው ቤታችን ሳሎን ልብስ እያጣጠፈች ደጋግማ ትሰማዋለች።

አንድ ዓርብ ከታመሙት መሃል ፀዱዬ ሳትጠራ ቀረች። ረሷት ብዬ ተናደድኩ። የሙታን ተራ ሲደርስ ሬቨረንዱ በዝግታ «ፀዳለ» አሉ። ደወሉ ተመታ። ትንፋሼን መያዙን ረሳሁት። ዞር ስል አባዬ የመጨረሻው ወንበር ላይ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ያለቅሳል። ጠዋት በመኪናው ሲያደርሰኝ እኮ እየቀለደ ነበር የተለያየነው።

ስንወጣ ዛፍ ሥር ወሰደኝ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቢያለቅስ ወሬው ወዲያው እማዬ ጋ ይደርሳል፤ ስለዚህ ሬቨረንዱን ለብቻቸው ነግሮ ሐበሻ ከሌለበት ሊያለቅስ መጥቶ ነበር። እኔ እዚያ መኖሬን ግን አላሰበውም። «እናትሽ እስክትገላገል ትንፍሽ እንዳትዪ» አለኝ። «ደንግጣ ያስወርዳታል።» ሬቨረንዱ ሲያልፉ ትከሻዬን ነካ አድርገው በስዋሂሊ «ፖሌ፣ ፖሌ ሳና» አሉኝ፤ አይዞሽ ማለታቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤታችንን ፈራሁት። እማዬ ለፀዱዬ ጫማ ገዛች። አዲስ አበባ ስትደውል ዘመዶች «ጠበል ሄዳለች፣ እዚያ ስልክ የለም» ይሏታል፤ እሷም እሺ ብላ ትዘጋለች። ካሴቱን ስትከፍተው የሞተችው አክስቴ ሳሎናችን መሃል ትስቃለች፣ «ትሰሙኛላችሁ? አለሁ እኮ!» ትላለች። አንድ ቀን ምሳ ላይ እማዬ «ፀዱዬ በህልሜ መጣች፤ ደጃፉ ላይ ቆማ ግቢ ብላት እምቢ አለች» አለች። አባዬ ሳቀ። እንደዚያ የሚያስፈራ ሳቅ እስከዛሬ አልሰማሁም። ከዚያ ወዲህ ደጃፉን የማልፈው በሩጫ ነበር። ትልልቆች ሆድ ይፍጀው ይላሉ፤ የእኔ ሆድ ግን ገና ትንሽ ነበር።

ወንድሜ ተወልዶ ክርስትና ከተነሳ በኋላ ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋ ሊያረዷት መጡ። አባዬ በሩን ሊከፍት ሲነሳ እማዬ ቀደመችው። ጥቁር ለብሳለች። አፋቸውን ሳይከፍቱ «ግቡ፣ ስጠብቃችሁ ነበር» አለቻቸው።

ማን እንደነገራት የጠየቅኋት ከዓመት በኋላ ነው። «አንቺ ነሻ» አለችኝ። «ሁልጊዜ ማታ ስትጸልዪ ፀዱዬን ማርልኝ ትዪ ነበር። የዚያን ዓርብ ስሟን ዘለልሽው።»

ታዲያ ጫማው፣ ካሴቱ፣ ህልሙ ለምን አልኳት።

«ማወቄን ካወቅሽ ታለቅሻለሽ፤ አንቺ ካለቀስሽ እኔ መች እችላለሁ? ልጁ ሆዴ ውስጥ ነበር።» ከዚያም፣ «ህልሙን ግን አልፈጠርኩትም» አለች።

ዛሬ ሞት በስልክ ይመጣል። አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ ፎቶው ከሻማ ጋር ይለጠፋል፤ እኛም «ነፍስ ይማር» ጽፈን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ይሄ ሳይሻል አይቀርም፤ ልጅ እንዲያ ያለ ነገር መሸከም የለበትም። ያም ሆኖ ያ ፍርሃት ይናፍቀኛል። ፀዱዬ ከሞተች በኋላ ወራት እኛ ቤት ኖራለች፤ አንዳችን ለሌላችን ስንል ሦስታችንም አኖርናት። ዛሬ የሞተን ሰው ያን ያህል የሚያቆይ ቤት አላውቅም።