በወተት የለወጥኩት ሰንጢ

ጅግጅጋ ውስጥ የውሃ ቦቴ ላይ ሥራ የጀመርኩ ቀን ሁለት ነገር ይዤ ነበር የሄድኩት፤ ከናዝሬት ያመጣሁትን መንጃ ፈቃድና አሥራ ሁለት ዓይነት ዕቃ የሚወጣውን ሰንጢዬን። መንጃ ፈቃዱን አሳየኝ ያለኝ ሰው አልነበረም።

መንግሥት ከተለወጠ ብዙም አልቆየም። ሐርተሼክ በስደተኛ ሞልታለች፤ ውሃ የሚደርሳት በቦቴ ነው። የተቀጠርኩት ሁለተኛ ሹፌር ሆኜ ነው። በእኛ ግቢ ረዳት ጎማ ይፈታል፣ ሁለተኛ ሹፌር ቱቦ ይዘረጋል፣ ዋናው ሹፌር ደግሞ ሁለቱንም ይሳደባል። የእኔ ዋና አዴር ፋራህ ነበሩ። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። ጅግጅጋ ላይ በዕድሜ የሚበልጥህን ወንድ ሁሉ እንደዚያ ትለዋለህ። ዛሬ እኔንም ይሉኛል፤ ደስ አይለኝም።

"ሰንጢ አለህ?" አሉኝ አዴር ፋራህ። ስሜን ገና አልጠየቁኝም።

በኩራት አወጣሁት። ቀይ እጀታ፣ ጎንና ጎኑ በብረት የተጠቀጠቀ። በጥፍሬ አንድ በአንድ እየፈለቀቅሁ አሳየኋቸው። መቀስ፣ ማንኪያ፣ ካቻቢቴ፣ የጥርስ መጎርጎሪያ።

"ይሄ የተጠማዘዘውስ?"

"የወይን ጠርሙስ መክፈቻ ነው፣ አዴር።"

መክፈቻውን በጣታቸው ነካ አድርገው ተዉት። በዚያ ግቢ ከእኔ በቀር የሚጠጣ አልነበረም። እኔም ብሆን የምጠጣው ቡሽ የሚደፈንበት ዓይነት አልነበረም።

"ይሄ ጥርስ ያለውስ?"

"የዓሣ ቅርፊት መፋቂያ።"

"ዋርያ" አሉኝ፣ አንተ ልጅ እንደማለት፤ "እኛ የምንጭነው ውሃውን ብቻ ነው። ዓሣውን የምታመጣው አንተ ነህ?"

ግቢው በሙሉ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ "ሺ ዕቃ" ሆነ። እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያውቀው ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነበር።

አዴር ፋራህ ከሽርጣቸው ቀበቶ ላይ አንድ ጥቁር ሰንጢ መዘዙ። ስለቱ አንድ ብቻ ነው። ስለቱ ላይ ክብ ቀዳዳ አለች። አውራ ጣታቸውን ቀዳዳዋ ላይ አሳርፈው ገፋ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ ተከፈተና ተቆለፈ። ግራ እጃቸው የሻይ ብርጭቆ ይዟል፤ ጠብ ያለ ነገር የለም።

"አሁን አንተ የራስህን በአንድ እጅ ክፈት።"

"ሌላው እጄ ምን ሆኖ?"

"እሱን ሥራው ይነግርሃል" አሉና ሻያቸውን ጨረሱ።

ያንን ሰንጢ የጅግጅጋ ሰው "ሐል ገዓን" ይለዋል፤ አንድ እጅ ማለት ነው። ሹፌሩ፣ ከብት ነጋዴው፣ ጫት አሳሪው፣ ጎሚስታው፣ ሁሉም ወገቡ ላይ ሰክቶታል። እኔ ግን ናቅሁት። የእኔ አሥራ ሁለት ነገር ያወጣል፣ የእነሱ አንድ። በትምህርት ቤት ሒሳብ ጎበዝ ነበርኩ።

የቦቴ ሥራ ከሩቅ እንደሚታሰበው መሪ መጨበጥ አይደለም። የሚበዛው ማሰር ነው። ቱቦ ይቀደዳል፣ ታስራለህ። የራዲያተር ጎማ ያፈሳል፣ ታስራለህ። ማሰሪያችን ካላማዳሪያ ነበር፤ የአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ። በረጅሙ እንደ ጥብጣብ ትቆርጠዋለህ፣ እስኪቀጥን ትስበዋለህ፣ ስንጥቁ ላይ ደጋግመህ ትጠመጥመዋለህ። የሳብከውን ለአፍታ ከለቀቅህ ተፈትቶ ፊትህን ይገርፍሃል። አዴር ፋራህ በግራ እጃቸው ወጥረው ይዘው፣ በቀኛቸው ሰንጢያቸውን መዝዘው ትራፊውን ይቆርጡታል። እኔ በጥርሴ እቆርጥ ነበር። ከፊት ያሉት ሁለት ጥርሶቼ ዛሬ የሌሉት በስኳር አይደለም።

በነገራችን ላይ ሐል ገዓን አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ተውሰውት አይመልሱትም። የስምሪት ኃላፊያችን ብርቱካን ልላጥበት ብሎ የሦስት ሹፌሮች ሰንጢ በመሳቢያው አከማችቶ ነበር። የእኔን አንድ ቀን ተዋሰና ለመክፈት ሲታገል ቆይቶ፣ ብርቱካኑን በጥፍሩ ልጦ መለሰልኝ። ይህንን እንደ ድል ነበር የማወራው። "አያችሁ፣ የእኔን ማንም አይወስድብኝም።"

ዋና ሹፌር የሆንኩ ቀን አዴር ፋራህ ትርፍ ሰንጢያቸውን ሰጡኝ። አንድ ጊዜ የጋለ ሞተር ላይ ረስተውት እጀታው ጫፍ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ነበረበት። "አሁን ሰው ሆነሃል፤ ያንን የአሻንጉሊት ሱቅ ጣለው" አሉኝ። አመስግኜ ተቀበልኩ። በዚያው ሳምንት ሀርሺን ስደርስ በወተት ለወጥኩት።

የለወጥኩት ከኤዶ ሐሊማ ጋር ነው። ኤዶ አክስት ማለት ነው። ሀርሺን አጠገብ ቢርካ ያላቸው ሴት ነበሩ፤ ቢርካ የሚሉት መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ የተለሰነ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው፤ ዝናብ ሲቀር እኛ በቦቴ እንሞላዋለን። በሃን፣ በዚያ ተሸምኖ በሚሠራው የወተት ዕቃ፣ የግመል ወተት አቅርበው ነበር። አየሩ ይጋረፋል፣ ወተቱ ይቀዘቅዛል፣ እኔ ደግሞ ወገቤ ላይ የናቅሁት ሰንጢ አለ።

አዴር ፋራህ ሲያገኙኝ ወገቤን አዩ።

"ሰንጢው የታለ?"

"ጠጣሁት፣ አዴር።"

ሲገባቸው አልተቆጡም። አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ጂላል የሚሉት ደረቅ ወቅት ረዘመ። የኤዶ ሐሊማ ቢርካ ደረቀ። ፍየሎቻቸው በሚወልዱበት ሰሞን ነበር። እናቲቱ ውሃ ካጣች ወተት የላትም፤ ወተት ከሌላት ግልገሉ አያድርም። ኤዶ ራሳቸው ጅግጅጋ ድረስ መጥተው የስምሪት ኃላፊው ፊት ቆሙ፤ ለመድኃኒት ያመጧትን ግልገል በብብታቸው ይዘው።

"ተራዎ በሚቀጥለው ሳምንት ነው" አላቸው።

"እሺ። ሄደህ ለፍየሎቼ ንገራቸው።"

ኃላፊው ግልገሏን አየ፣ እኔን አየ፣ "ጫንላቸው" አለ። ኤዶም ከግልገላቸው ጋር ጋቢና ገቡ። ረዳቴ ያን ቀን ታሞ ቀርቷል። ቆርጬ ያዘጋጀሁትን የላስቲክ ጥብጣብ በሙሉ ቀብሪበያ ላይ ለራዲያተር ጎማ ጨረስኩት። ከመቀመጫዬ ሥር ያልተቆረጠ ካላማዳሪያ አለ፤ ሲያስፈልግ እቆርጣለሁ ብዬ ነዳሁ።

ሐርተሼክን አልፈን ሀርሺን ሳንደርስ ከሥር ጓ የሚል ድምፅ ሰማሁ። በመስታወት ሳይ ከኋላዬ መንገዱ እርጥብ ነው። በዚያ አገር እርጥብ መንገድ ያስደነግጣል።

አቁሜ ከመኪናው ሥር ገብቼ አየሁት። ከታንከሩ ሆድ ወደ መክፈቻው፣ ወደ ሳራቺኔስካው የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ድንጋይ ሰንጥቆታል። ሳራቺኔስካው ከስንጥቁ በኋላ ስለሆነ መዝጋቱ ዋጋ የለውም። ካላማዳሪያውን ከጋቢና አምጥቼ በጀርባዬ ተኛሁና የግራ መዳፌን ስንጥቁ ላይ ጫንኩ። ውሃው ወደ ነጠብጣብ ወረደ። መዳፌን ቀና ሳደርግ እንደገና ተንዠቀዠቀ። ጉዳዩ ይኼው ነው፤ ግራ እጄ ከዚያ ከተነሳ የኤዶ ሐሊማን ፍየሎች መሬቱ ይጠጣቸዋል።

ኤዶ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብለው ወደ ሥር አዩኝ።

"እጄን ልጫንልህ?"

"ይሄ የሹፌር ሥራ ነው፣ ኤዶ።"

"ሰንጢ አለህ?"

"አለ።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?"

በተኛሁበት የሱሪ ኪሴን በቀኝ እጄ ቆፈርኩ። ሰንጢው ወጣ። ቀኝ እጄ እርጥብ ነው፤ ጥፍሬ ያንሸራትታል። ወደ አፌ ወስጄ በተረፉኝ ጥርሶች ጎተትኩ። ማንኪያው ወጣ።

"ምን ልትበላ ነው?" አሉኝ።

እንደገና ጎተትኩ።

"ይሄስ ምንድነው?"

"የወይን መክፈቻ።"

"አስተግፊሩላህ" አሉ። ግልገሏም አብራ ጮኸች።

ሦስተኛው የዓሣው ነበር። እሱን ደረቴ ላይ ለጥፌ ደበቅሁት። አልጠየቁኝም፤ አላህ ለእኔም ያዝናል። በአራተኛው ስለቱ ወጣ። ካላማዳሪያውን በጉልበቶቼ መሃል አጣብቄ ስለቱን ገፋሁበት። ሰንጢዬ አሥራ ሁለት ነገር ሲኖረው መቆለፊያ አልነበረውም። ስለቱ ወደ ኋላ ታጥፎ ሌባ ጣቴን ነከሰኝ። ጠባሳውን ለሚፈልግ ዛሬም አሳያለሁ።

"አሁንስ የማን ሥራ ነው?" አሉ ኤዶ ሐሊማ።

የተቆረጠ ጣቴን አፌ ውስጥ ከተትኩ።

ግልገሏን በግራ ብብታቸው እንደያዙ ቀኝ እጃቸው ወደ መቀነታቸው ሄደ። ቀጭ። ካላማዳሪያውን ጎትተው በእግራቸው ረገጡት፤ ከዳር እስከ ዳር ረጅም ጥብጣብ አወጡበት። ግልገሏ አልተነቃነቀችም። "እንካ" ብለው ሲያቀብሉኝ ሰንጢውን በቅርብ አየሁት። እጀታው ጫፍ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለው።

ወጥሬ ጠመጠምኩ። የመጀመሪያው ዙር ሲያርፍ ውሃው ፊቴን አጠበኝ፣ ሁለተኛው ላይ ቀነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላብ ብቻ ሆነ። ጫፉን ወጥሬ ይዤ "ይቁረጡልኝ፣ ኤዶ" አልኩ። በአንድ እጃቸው ቆረጡልኝ።

ወጥቼ ታንከሩን ከላይ ወደ ታች በመዳፌ መታሁት። ባዶው ያስተጋባል፣ ውሃ ያለበት ይደፈናል። ድምፁ የተለወጠው ወገቡ ላይ ነው። ግማሹ አለ።

ቢርካው ጋ ስንደርስ ኤዶ ሐሊማ ተራ አስያዙ። መጀመሪያ የወለዱ ፍየሎች፣ ቀጥሎ የቀሩት። ግመሎቹ ያ ሁሉ ውሃ በፊታቸው ሲያልፍ እያዩ ቆሙ፤ አተያያቸው የስምሪት ኃላፊያችንን ያስታውሳል። አንድም እንስሳ አልሞተም ብል ውሸት ነው። ጥቂት አለቁ። የቀሩት ግን ሌላ ቦቴ እስኪመጣ ደረሱ፤ ያቺ በብብት የተጓዘችውም ቆይታ ወልዳለች።

ልነሳ ስል እያፈርኩ ጠየቅሁ።

"ኤዶ፣ ያቺን ሰንጢ በገንዘብ ይመልሱልኝ።"

"ወተቱን መልስና ውሰዳት" አሉኝ።

ጅግጅጋ ተመልሼ ለአዴር ፋራህ ሁሉንም ነገርኳቸው። ያኔ ጡረታ ወጥተው በር ላይ ሻይ ይጠጣሉ። እስከመጨረሻው ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"መጀመሪያ የወጣው የቱ ነው?"

"ማንኪያው።"

ሻዩ ትን አላቸው። ጀርባቸውን መታ መታ ማድረግ ነበረብኝ።

በማግሥቱ ገበያ ወርጄ ሐል ገዓን ገዛሁ። ሻጩ "የጀርመን ነው" አለኝ።

"ባለፈው የጃፓን ነው ስትል አልነበር?"

"ባለፈው የጃፓን ነበር።"

የትም ይሠራ የት፣ እስከ ጡረታዬ አብሮኝ ኖረ። ሳይጠርጉት ካደረ ይዝጋል። ቢራ አይከፍትም። ስለቱ ሲደነዝዝ ግን የሻይ ስኒ ገልብጠህ ቂጡ ላይ ብትስለው ይነሳል። እጀታው ውስጥ አሸዋ የሚደበቅበት ጉድጓድ የለውም። ሽርጥ ኪስ የለውም፤ ይሄ ቀበቶ ላይ ይሰካል። ሲቆርጥ ጣትህ ላይ አይታጠፍም። ሰው የሚወደው ለዚህ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ቀዩ ሰንጢ አሁንም ቤቴ አለ። ማንኪያው ይሠራል፤ የሳል መድኃኒቴን እለካበታለሁ።

ጉልበቴ ከደከመ ወዲህ ግራ እጄ ምርኩዝ ይዞ ነው የሚውለው። ትናንት ከመስጊዱ ማዶ ካለው ሱቅ የገዛሁትን የስኳር ከረጢት በቆምኩበት በሐል ገዓን ከፈትኩ፤ ምርኩዙን አልለቀቅሁም።

ሰንጢ ስትገዙ ስንት ነገር እንደሚወጣው አትጠይቁ። በሚያስፈልጋችሁ ሰዓት አንዱ እጃችሁ ሥራ ላይ ነው። በሌላው የሚከፈተውን ግዙ።