ወደ መስኮት የዞሩት እናት

መጽሔቱ መቋረጡን የሰማሁት ጎንደር፣ ቁስቋም ከቅዳሴ ስወጣ ነው። ዋና አዘጋጁ ደጀ ሰላሙ ላይ ጠብቆኝ፣ «በቃ፣ ማተሚያ ቤቱ አላትምም ብሏል። የሚቀጥለው እትም አይወጣም» አለኝ።

«ለሠዓሊው እናት ምን ልንላቸው ነው?» አልኩት።

መጽሔቱን ስለ ዘመኑ ሥዕል እንዲጽፍ በራሳቸው አቅም ያቋቋሙት ሦስት ወጣት አስተማሪዎች ነበሩ። እኔን አዘጋጅነት እንድማር ለአንድ ዓመት ተቀበሉኝ። ጣልያን ትቶት በሄደው ፎቅ ላይ፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ እርማት አነባለሁ፤ ከየሥዕሉ ሥር የሚገባውን ቃል እጽፋለሁ። አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ አንድ የከተማችን ልጅ እናቱን ወደ መስኮት ዞረው እንደተቀመጡ ሣላቸው። ሸጋ ሥዕል ነበር፤ ሽፋኑ ላይ ወጣ።

የጎንደር ሰው ግን ሥዕል ማየት የተማረው ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። እዚያ ጻድቃን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ያዩናል፤ ይሁዳና አጋንንት በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። በሽፋኑ ላይ የእናትዬዋ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው።

ውሃ ሲወርዱ አንዷ ጎረቤት፣ «ምነው እሜቴ፣ ልጅዎ ከነይሁዳ ጋር ደመረዎት?» አለቻቸው። ሴቱ ሁሉ ሳቀ። እናትዬዋም መጽሔቱን በነጠላቸው ጠቅልለው መጡብን።

«አንች ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነሽ፤ እስቲ ንገሪኝ ልጄ። ምን አይቶብኝ ነው?»

ልጃቸው፣ «እማ፣ ብርሃኑን ፈልጌ ነው እኮ!» አለ።

«ብርሃኑንስ ሣልኸው። ዓይኔን የት ጣልኸው?»

ፊት ለፊት አድርጎ እንደገና ሣላቸው። በሚቀጥለው እትም ሊወጣ ተስማማን። እስከዚያ ግን የማርያም ማኅበራቸውን ተዉ፤ ቅዳሴም ከሰው ርቀው፣ ከዛፍ ሥር ያስቀድሱ ጀመር። በተገናኘን ቁጥር «ደረሰ?» ይሉኛል።

መጽሔቱ መቋረጡን የሰማሁ ዕለት ቤታቸው ሄደን ነገርናቸው። ዋና አዘጋጁ፣ «አዲሱ ሥዕል እዚሁ ይሰቀልልዎታል» አላቸው።

«ቤቴማ ማን ያያታል? ያችኛዋ አገር ለአገር እየዞረች!»

ልጃቸው አዲሱን ሥዕል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አስደገፈው።

እኔ በትዳር ምክንያት ጅማ ገባሁ። እናትዬዋ እንዲያው ከዛፍ ሥር እንዳስቀደሱ ማረፋቸውን እዚህ ሰማሁ። በጸሎቴ አነሣቸዋለሁ፤ ፈጣሪ እንደሚያውቃቸውም አምናለሁ። ሰው ግን የሚያውቃቸው በዚያ ሽፋን ነው። ሁለተኛው ሥዕል የት እንደገባ የሚነግረኝ አላገኘሁም፤ ይገኛል ብዬም አልጠብቅም።

በዚያች ክፍል አብራችሁኝ የነበራችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። መጽሔቱ ከሣጥናችሁ ወጥቶ ልጆቻችሁ «ይህች ክፉ ሴት ማን ናት?» ቢሏችሁ ዝም አትበሉ። ወደ መስኮት ዞረው ነው በሉልኝ።