ዝንብ በሊታዋና የመኝታ ቤቴ ግድግዳ

ባሌ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሰፈሩ «ጠብታ» ይለዋል፤ ሰው ቤት ተጋብዞ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ከሰማ ምግቡ አይወርድለትም፣ ተነስቶ መፍቻውን ያመጣል። የኔ ቤት ሲሆን ግን መልሱ «ነገ» ነው!

ከመኝታ ቤታችን ጀርባ ከተዳፋቱ ሥር ውሃ ይመነጫል። ጓሮዬ ጭቃ፣ ግድግዳዬ ሻጋታ፣ ብርድ ልብሴ እንኳ እርጥብ እርጥብ ይሸታል። ስነዘንዘው ስነዘንዘው «ግድግዳሽን አደርቅልሻለሁ» ብሎ ቃል ገባልኝና አንድ ጠዋት አካፋ ይዞ ወጣ። እሰይ አልኩ። ወዲያው «ነይ! ቶሎ ነይ!» ብሎ ሲጮህ እግሩን የቆረጠ መስሎኝ በረርኩ።

ጭቃው ላይ በሆዱ ተኝቷል። አፍንጫው ሥር ከአውራ ጣት የማትበልጥ ቀይ ተክል አለች፤ ቅጠሏ ፀጉራም ነው፣ በየፀጉሩ ጫፍ የሚያጣብቅ ጠብታ አለው። አንዲት ዝንብ ተጣብቃ ትንፈራገጣለች፤ ቅጠሉ ቀስ እያለ ይታጠፍባታል።

«ሥጋ በል ናት እኮ!» አለ እየሳቀ።

«ትብላ፤ ብቻ ግድግዳዬ ይድረቅልኝ።»

ቃሉን አላጠፈም። ቦይ ቆፍሮ ውሃውን አስወጣው። እንደሷ ያሉትን ተክሎች ግን እንዳይደርቁበት፣ ጓሮው ጫፍ ላይ ጥቂት አስቀርቶ ሌሎቹን ሳፋ ውስጥ ተከላቸው። አይ የሱ ደግነት! ምርጥ አፈር፣ ፍግ፣ አልፎ ተርፎ ከራሱ ሳህን የሥጋ ፍርፋሪ። ግድግዳዬ ደረቀ፣ የሳፋዎቹ ተክሎች ግን ጠቁረው ሞቱ።

ጎረቤታችን አበባ ሻጯ አይታ ጭንቅላቷን ያዘች። «ይቺ የምትኖረው ምንም ምግብ በሌለው ረግረግ አፈር ላይ ነው፤ ዝንብ የምትይዘውም ለዚያ ነው። ፍግ ይገድላታል።»

«በእጄ ገደልኳቸው» አለ ባሌ። እህቴ ቤት ቧንቧው እየተንጠባጠበ ቁጭ ብሎ ሲበላ ሳየው ደነገጥኩ፤ ሰውዬው ታሞብኛል! ጓሮው ጫፍ ላይ የቀሩትም ውሃ አጥተው ጠውልገዋል። ቦዩን ልድፈነው ብሎ እንደማይጠይቀኝ አውቃለሁ፤ ቃል ገብቶልኛላ።

ሥራ ሲሄድ ቀሚሴን ሰብስቤ ቦዩን በድንጋይና በጭቃ ደፈንኩት። እሱ ሲመለስ ጓሮው ውሃ አቁሯል፣ እኔም እስከ ጉልበቴ ተጨማልቄያለሁ።

«ማነው የደፈነው?»

«እኔ ነኛ።»

«ግድግዳሽስ?»

«ይርጠብ! አልጋውን ሳሎን እናወጣዋለን።»

አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ከነጫማው ገብቶ ተንበረከከ፣ የጠወለጉትን ቅጠሎች አንድ በአንድ ገለጥ ገለጥ አደረገ።

«አለች! ይቺኛዋ አለች!» አለ። እንባዬ መጣ።

አልጋውን ብቻዬን ገፍቼ ሳሎን አወጣሁት።